ከቦዩ ዳር እስከ ኮረብታው

በ1950 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ የፈትልንና የሽመናን ጥበብ በዘመናዊ መሣሪያ ተምሬ እንድመለስ ወደ አሜሪካ ተልኬ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ከምትገኘው ከሎዌል ከተማ በደረስሁ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኔን የያዘው በሜሪማክ ወንዝ ዳር የተደረደረው የቀይ ጡብ ፋብሪካ ርዝመቱና ከአብዛኞቹ የጢስ ማውጫዎች አንድ ቀጭን ጢስ እንኳ አለመውጣቱ ነበር። ለሰርግ ተጠርቶ ለቅሶ ቤት እንደ ደረሰ እንግዳ ሆንሁ፤ ልማረው የመጣሁትን ጥበብ ከተማይቱ ቀብራው፣ አርባውን አውጥታ፣ ሙት ዓመቱን ስትጠብቅ አገኘኋት። ትምህርት ቤቱ ግን ደኅና ነበር፣ መምህራኑም የሚያውቁትን የማይሰስቱ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ትምህርቱ ሳይሆን ሁለት ዓመት ተከራይቼ የኖርሁበት ቤትና በዚያ ቤት የነበሩት አንዲት አሮጊት ናቸው።

ቤት ማግኘቱ ቀላል አልነበረም። «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል ወረቀት በመስኮታቸው ከለጠፉት ሰዎች አንዷ፣ መልኬን ካየች በኋላ፣ ክፍሉ ገና በጥዋት እንደ ተያዘ ነገረችኝ፤ ወረቀቱ ግን እስከ ኅዳር ከመስኮቷ አልወረደም። ሦስተኛ ያንኳኳሁት በር ቤልቪዲር በሚባለው ኮረብታ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ትልቅ ዛፍ ያለበት፣ መስኮቱ ሁሉ በዳንቴል መጋረጃ የተሸፈነ የእንጨት ቤት ነበር። እመቤቲቱ ዘራቸው ከአየርላንድ የሆነ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጃቸውን ለሕግ ትምህርት ወደ ቦስተን የላኩ አስተማሪ ነበሩ። ያስገቡኝ ወይስ ይመልሱኝ እያመነቱ ሳሉ፣ ከኋላቸው ጥቁር ሹራብ የደረቡ፣ ፀጉራቸው የተባዘተ ጥጥ የመሰለ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ አሮጊት ብቅ አሉና ዓይናቸውን ከአፌ ላይ ሳይነቅሉ፣

«ክርስቲያን ነህ?» አሉኝ።

ጆሯቸው የከበደ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አዎን» ብል፣ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ «አትጩህ፤ ዝግ ብለህ ተናገር፣ አፍህን ብቻ አትሸፍን። ትጾማለህ?»

ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን ሃምሳ አምስት ቀን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ፍልሰታን አንድ በአንድ ስቈጥርላቸው፣ በእነዚህም ቀኖች ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተትና ዕንቁላልም እንደማይበላ ስነግራቸው፣ በጣታቸው እየቈጠሩ ሲሰሙኝ ቈዩና ወደ እመቤቲቱ ዞረው፣ «ይህ ልጅ ከቆሞሳችን አብልጦ ይጾማል፤ ክፍሉን ስጪው» አሉ። እውነቱን ለመናገር የቈጠርሁትን ያህል ጾሜ አላውቅም ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ካፌ ወጥቷልና በዚያ ክረምት አሮጊቷ ሳህኔን በዓይናቸው ይጠብቁ ስለ ነበር፣ አገሬ ሳለሁ ያልጾምሁትን ጾም ሁሉ በሎዌል በረዶ ውስጥ ጾምሁት።

እኒህ አሮጊት የእመቤቲቱ አክስት፣ የአባታቸው እኅት ናቸው። እኔ በልቤ «እሜቴ» እላቸው ነበርና እዚህም እንዲሁ ልበላቸው።

ከእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ በወርቅ ቀለም ክፈፍ የገቡ ፎቶግራፎች በተራ ተሰቅለው ነበር፤ እመቤቲቱም እንግዳ በመጣ ቍጥር ከግራ ወደ ቀኝ እያለፉ የዘራቸውን ሐረግ ሲተርኩ፣ ከማቴዎስ ወንጌል መጀመሪያ የሚነበብ ይመስል ነበር። ቦይ ቈፋሪው ጋሪ ነጂውን ወለደ፤ ጋሪ ነጂውም ቄሱንና የፖሊስ መኰንኑን ወለደ፤ የፖሊስ መኰንኑም አስተማሪዋን ወለደ፤ አስተማሪዋም ነገ ከነገ ወዲያ ጠበቃ የሚሆነውን ወለደች። ከቦዩ ዳር ጭቃ ተነሥቶ በአራት ትውልድ ኮረብታው ላይ የደረሰ ቤተ ሰብ መሆኑ እውነት ነው፤ ትረካውም የሚያስደስት ነበር። ነገር ግን ወንጌላዊው ማቴዎስ እንኳ ትዕማርን፣ ራኬብንና ሩትን ሳይጠራ ያላለፈ ሲሆን፣ እመቤቲቱ ከዚያ ሁሉ ክፈፍ መካከል የአንዲት ሴት ሥዕል አለመኖሩ እንግዳ ነገር ሆኖ አልታያቸውም ነበር። እሜቴ በዚህ ጊዜ ከጓዳ በር አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ተቀምጠው የተራኪዋን ከንፈር እያነበቡ፣ አንዳንዴ ብቻ ወደ እኔ ጥቅሻ ይሰዱ ነበር።

የቦይ ቈፋሪው ነገር እንዲህ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። በ1845 በአየርላንድ የድንች ማሳ ላይ አንድ የሻጋታ በሽታ ወረደ፤ ለድኻው ገበሬ ድንች ወጡም እንጀራውም ነበርና፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና በረኃብ በሽታ አለቀ፣ ከዚያ የማያንስም ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። ከሁሉ የከፋው፣ ሕዝቡ በመንገድ ዳር ሲወድቅ እህሉና ከብቱ በመርከብ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ መሸጡ፣ ጭሰኛውም ግብሩን አልከፈለም ተብሎ ጎጆው በላዩ መፍረሱ ነበር። የእሜቴ አያት በ1847 በስደት መርከብ መጡ። ስለ ረኃቡ ግን ለልጆቻቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ሞቱ አሉ፤ ይህን ስሰማ፣ ክፉ ቀን በልጅነቷ የደረሰባት የእኔ አያት የዚያን ዘመን ነገር ስትጠየቅ «ተወው፣ የተበላውን አትጠይቀኝ» ብላ ወደ ምድጃዋ የምትዞረው ትዝ አለኝ።

ሰውዬው ሳይመጡ አስቀድሞም ከተማይቱ በአየርላንዳውያን ክንድ ትሠራ ነበር። ፍራንሲስ ካቦት ሎዌል የሚባለው የቦስተን ነጋዴ፣ እንግሊዞች በምሥጢር የሚጠብቁትን የሽመና መኪና በፋብሪካቸው ሲዘዋወር አይቶ፣ አሠራሩን በአእምሮው ይዞ ተመልሶ ነበር፤ እርሱ በ1817 ቢሞትም ወዳጆቹ ወንዙ ዐሥር ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድበትን ይህን ስፍራ መረጡና ከተማይቱን በስሙ ጠሩለት። በ1822 ሚያዝያ ላይ ሂዩ ከሚስኪ የሚባል የአየርላንድ ሰው ሠላሳ ሠራተኞች አስከትሎ ከቦስተን አጠገብ ከቻርልስታውን ተነሥቶ ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ሄዶ ደረሰ፤ የኩባንያው ሹም ከርክ ቡትም አካፋና ዶማ ከማስያዙ በፊት ከመጠጥ ቤት ጕሮሯቸውን የሚያርሱበት ገንዘብ ሰጣቸው ይባላል። ሹሙ ለፋብሪካው ልጃገረዶች ማደሪያ ሲያሠራ፣ ቦዩን ለሚቈፍሩት ግን ቤት አላሰበላቸውም፤ እነርሱም ከሥራው ዳር በሣርና በእንጨት ጎጆ እየቀለሱ ሰፈሩ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ኤከር ይባላል። የእሜቴም አያት በዚያው ሰፈር ገብተው፣ በወንዙ ዳር እንደ ምሽግ የቆመውን የሰሜኑን ቦይ የድንጋይ ግንብ እስኪያልቅ ድረስ፣ እስከ 1848፣ ድንጋይ ተሸከሙ። አንድ ቀን እሜቴ ወስደው ግንቡን አሳዩኝ፤ በጓንታቸው መታ መታ አድርገው፣ «ከእነዚህ አንዱ የእርሱ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም ሰላም እላለሁ» አሉ።

በአየርላንዳውያኑ ላይ የነባሮቹ ነዋሪዎች ጥላቻ ቀላል አልነበረም። በ1831 የድንጋይ ውርወራ ጠብ ተነሥቶ፣ ያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የቅዱስ ፓትሪክ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሊፈርስ ሲል ሴቶቹ ጭምር ወጥተው አዳኑት፤ በሐምሌ ጳጳሱ መጥተው ባረኩት፣ በ1854ም በቦታው ዛሬ የሚታየው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆመ። በዚያው ዓመት «ምንም አላውቅም» የሚል ቅጽል ስም የነበረው የስደተኛ ጠል ማኅበር በማሳቹሴትስ ምርጫ ምክር ቤቱን ጠቅልሎ ያዘ፤ በማግሥቱም ዓመት መነኮሳይያቱ የሚያስተምሩባቸውን ቤቶች የሚመረምር ኮሚቴ ልኮ፣ የተከበሩት እንደራሴዎች እዚሁ ሎዌል መጥተው የደናግሉን ትምህርት ቤት በረበሩ። ይህን እሜቴ እየሳቁ ነበር የሚያወሩት፤ ምክንያቱም የኮሚቴው ዋና ሰው በሎዌል ሆቴል ያደረበት ሒሳብ ለመንግሥት ሲቀርብ፣ ሚስቱ ያልሆነች ሴት ያደረችበትም ተጨምሮ ስለ ተገኘ፣ የመነኮሳይያቱን ንጽሕና ሊመረምር የወጣው ሰው ከምክር ቤቱ ተባርሯል። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ፤ ጎረቤቷ ሎረንስ በ1881፣ ራሷ ቦስተንም በ1884 በአየርላንድ የተወለዱ ከንቲባዎች መረጡ። ከዚያ በኋላ ፖሊሱም፣ እሳት አጥፊውም፣ አስተማሪዋም ከኤከር ይወጣ ጀመር።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ዕርገት በምን ገንዘብ ተከናወነ? ቦይ ቈፋሪውም ጋሪ ነጂውም ከእጅ ወደ አፍ የማያልፍ ደመወዝ ነበራቸው። የእመቤቲቱ ትረካ ይህን አይመልስም። እኔ መልሱን ያገኘሁት ከጓዳው ነው።

ለፋብሪካው መጀመሪያ የተቀጠሩት የነባሮቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ፤ እነርሱ በ1834ና በ1836 ደመወዝ ሲቀነስና የማደሪያ ዋጋ ሲጨመር ሥራ አቁመው በአደባባይ ወጡ፣ በ1840ዎቹም የሥራው ቀን ዐሥር ሰዓት ይሁንልን እያሉ አቤቱታ ፈረሙ፤ ሰሚ ሲያጡ ቀስ በቀስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቦታቸውን የያዙት የረኃቡ ስደተኞች ሴት ልጆች ናቸው። እሜቴ በ1894፣ በዐሥራ አራት ዓመታቸው፣ ከሽመናው ክፍል ገቡ፤ ያን ጊዜ ሕጉ ለሴቶች የሚፈቅደው በሳምንት 58 ሰዓት ነበር። የክፍሉ መስኮት ክሩ እንዳይደርቅና እንዳይበጠስ በበጋም አይከፈትም፣ አየሩም በእንፋሎት ይርሳል፤ የመኪናዎቹ ጩኸት ከወለሉ በእግር ገብቶ በጥርስ ይወጣ ነበር አሉኝ። በዚያ ውስጥ ሰው የሚነጋገረው በከንፈር ነው፤ ልጃገረዶቹ ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ካቦው አንዲት ቃል ሳይሰማ፣ ሐሜት ይለዋወጡ ነበር። ጆሯቸው በሠላሳ ዓመታቸው ደከመ፣ በሃምሳው ፈጽሞ ተዘጋ። «አልጐዳኝም፤ ከዚያ ወዲህ ስብከት አልሰማሁም» ይሉ ነበር።

አንድ ማታ ከትምህርት ቤቱ አንድ አሮጌ መወርወሪያ ተውሼ መጥቼ ሳሳያቸው፣ ከእጄ ነጠቁኝና በጐኑ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ላይ ከንፈራቸውን አድርገው በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። ቀሰሙ ሲያልቅ አዲሱን ከትተው የክሩን ጫፍ የሚያወጡት እንዲህ በአፍ እየሳቡ ነበር፤ የጥጡ ብናኝና ቀለሙ አብሮ ይዋጣል፣ የአንዲቱም የሳንባ ነቀርሳ በመወርወሪያው ለሌላዪቱ ይተላለፋል። ማሳቹሴትስ ይህን ዓይነቱን መወርወሪያ በ1911 በሕግ ከለከለች። እሜቴ ያን ጊዜ የሁለት እኅቶቻቸውን ቀብር አይተው ነበር። መወርወሪያውን መለሱልኝና፣ «ከወንድ ይልቅ ይህን እንጨት ብዙ ጊዜ ስሜያለሁ» አሉ፤ ስለ ትዳር ከዚህ በቀር ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

የደመወዙን ፖስታ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይከፍቱ ለእናታቸው ይሰጡ ነበር። በዚያ ፖስታ ታላቅ ወንድማቸው ለቅስና ተማረ፤ ታናሹ የፖሊስ ልብስ እስኪለብስ ድረስ ቀለብ ተሰፈረለት፤ የእርሱም ልጅ፣ ያሁኗ እመቤት፣ የአስተማሪነት ትምህርቷን ጨረሰች፤ ቤቱ ከኤከር ወጥቶ አንድ መንገድ፣ ሌላም መንገድ እየተሻገረ ኮረብታው ላይ ወጣ። ቄሱ በየገናው ሊጠይቁ ሲመጡና እጃቸውን በእሜቴ ራስ ላይ ጭነው ሲባርኳቸው፣ እሜቴ አንገታቸውን እንደ ደፉ ወደ እኔ ቀና ብለው፣ «ብድሩን የከፈለ ይመስለዋል» ሲሉ በከንፈራቸው ብቻ ተናገሩ፤ በሁለት ክረምት ያስተማሩኝ ቋንቋ ነበርና እኔም አነበብሁት፣ ሳቄንም ለመደበቅ ሳልሁ።

እሑድ እሑድ እኔ ወደ ኤከር እወርድ ነበር፤ የግሪኮች የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ባለ ትልቅ ጉልላቱ ከቅዱስ ፓትሪክ ብዙም ሳይርቅ ስለ ቆመ፣ ቋንቋው ባይገባኝም «ኪርያላይሶን» ሲባል ከአገሬ ደብር የቆምሁ ይመስለኝ ነበር። እመቤቲቱ ይህን አልወደዱልኝም። ግሪኮቹ በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ሰፈሩ ሲገቡ መንገዱ ሁሉ ዘይት ዘይት መሽተቱን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ዐሥርና ከዚያ በላይ ሆነው ማደራቸውን፣ በትንሽ ደመወዝ እየገቡ ዋጋ ማበላሸታቸውን በምሬት አወሩልኝ። እሜቴ ከወንበራቸው ሆነው እስከ መጨረሻው አነበቡና፣ «ይህንኑ ጽፈው በጋዜጣ ያወጡት በአያቴ ላይ ነበር፤ ዘይቱን ብቻ ነው የጨመርሽበት» አሏቸው። እመቤቲቱ ተነሥተው የዳንቴሉን መጋረጃ አስተካከሉ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ በበረዶ ምክንያት ከቤት ያልወጣንበት ቀን፣ እሜቴ ከአልጋቸው ሥር አንዲት የእንጨት ሣጥን አስወጡኝ። ከውስጧ ማበጠሪያ፣ መቍጠሪያ፣ የታናናሾቹ እኅቶቻቸው የፀጉር ሪባን፣ ከሁሉ ታች ደግሞ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ። በ1903 ጸደይ በሎዌል ፋብሪካዎች የደመወዝ ጭማሪ ተጠይቆ ሥራ ቆሞ ነበር፤ ወራት ካለፉ በኋላ ሠራተኛው ምንም ሳያገኝ ተመለሰ። ከመኪናቸው ላይ ተጀምሮ ቆሞ የነበረውን ጨርቅ ሲመለሱ ጨርሰው፣ ጫፉን ቈርጠው በቀሚሳቸው ሥር ደብቀው አወጡት። «ከኩባንያው የሰረቅሁት ይህን ብቻ ነው፤ ለቄስ ተናዝዣለሁ፤ ለወንድሜ ግን አይደለም» አሉ።

የተማሪነት ነገር ሆኖ የክር መቍጠሪያ መነጽሬን ከኪሴ አውጥቼ ልቈጥር ስል፣ «48 በ48 ነው፤ አትድከም» አሉኝ። ቈጠርሁት፤ 48 በ48 ነው። ነገር ግን ቍጥሩን ሳልጨርስ እጄ አውቆት ነበር፤ ይህ ጨርቅ አቡጀዲ ነው።

እንግዲህ አስረዳኋቸው። እርሳቸው ያን ጨርቅ በደበቁበት በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ ሮበርት ስኪነር የሚባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከአጤ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ማዋዋሉን፤ ካመጣውም ጕዳይ ዋናው ይኸው የጥጥ ጨርቅ መሆኑን፣ ያን ጊዜ በአገሬ ገበያ ላይ የአሜሪካ አቡጀዲ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይሸጥ እንደ ነበር፣ በኋላ ግን የጃፓኑ ርካሽ ሆኖ መጥቶ ቦታውን እንደ ወሰደበት ነገርኋቸው። በፖለቲካው አልተደነቁም። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ሲያሹት ቈዩና፣

«አያትህ ሲያጥቡት ይሳሳ ነበር?» አሉኝ።

ጥያቄው የባለ ሙያ ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ የሚወድ ባለ ፋብሪካ ጨርቁ ወፍራም እንዲመስል አሚዶና ነጭ ጭቃ ይቀባዋል፣ ውሃ ሲነካው ግን ቅባቱ ወርዶ ወንፊት ይሆናል። አያቴ ስለዚሁ የምትለውን ነገርኋቸው፤ የእናቴን አቡጀዲ አንሥታ ወደ ፀሐይ እያየች፣ «ይህ ውሃ የነካው ዳቦ ነው፤ የዱሮው ግን ቢያጥቡት ይጠነክራል እንጂ አይሳሳም» ትል እንደ ነበር፣ ከዚያ ከዱሮው ስድስት ክንድ ለመግነዟ ብላ በመሶቧ ሥር አስቀምጣ፣ እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ በእርሱ ተገንዛ መቀበሯን።

እሜቴ አማተቡ። ቀጥሎ ወንበራቸውን ወደ እኔ ስበው፣ መነጽራቸውን አውጥተው ጠራርገው አደረጉና፣ «አያትህ በቋንቋቸው ጨርቁን ምን ብለው ነበር የሚጠሩት? ዝግ ብለህ ንገረኝ» አሉ።

«አቡጀዲ» አልሁ። ከንፈሬን እያዩ ያለ ድምፅ አሉት፤ መጀመሪያ «ቡ» ላይ ቆሙ፣ ሁለተኛ «ጀ» አልወጣ አላቸው። እንድደግመው በጣታቸው አመለከቱኝ፤ ደገምሁት። በሦስተኛው ጊዜ ትክክል ነበር።